በእጅ ስልክዎ ነጻ ትምህርት፦ መፈለግ፣ ማጣራት እና በማሳ መሞከር

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

1. መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ የአሠራር ዘዴ ለመማር የነበረው ዋና መንገድ ይህ ነበር። የግብርና ልማት ሠራተኛው እስኪመጣ መጠበቅ ወይም ወደ አርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል መሄድ። ዛሬ ግን በኪስዎ ያለው ስልክ ብዙ ነገር ያስተምራል። የበቆሎ አቀማመጥ፣ የንብ አያያዝ፣ የገለባ ማከም፣ የብስባሽ አዘገጃጀት፣ የዶሮ ቤት አሠራር ሁሉ ያለ ክፍያ ይገኛል። በቤትዎ ዘመናዊ ስልክ ባይኖር እንኳ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅዎ ወይም ጎረቤትዎ ይዞት ይሆናል።

ነገር ግን በስልክ የሚመጣ ሁሉ እውቀት አይደለም። ትክክለኛው ምክር፣ ለሌላ አገር የተነገረው ምክር፣ ጊዜ ያለፈበት ምክር እና ዕቃ ለመሸጥ የተፈጠረ ወሬ ሁሉም በአንድ መስኮት ነው የሚገቡት። ልዩነቱን የሚያወጣው ተመልካቹ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች አባባል ለስልክም ይሠራል።

ይህ ጽሑፍ ለሞዴል አርሶ አደር የተዘጋጀበት ምክንያት አለ። እርስዎ አንድ ነገር ሲያደርጉ የሚያዩዎት ብዙዎች ናቸው። ትክክለኛ ዘዴ ካመጡ ጥቅሙ ለልማት ቡድኑ ሁሉ ይተርፋል። የተሳሳተ ዘዴ ካመጡ ደግሞ ጉዳቱ በእርስዎ ማሳ ላይ ብቻ አይቆምም፤ እርስዎን አምነው የተከተሉት ሁሉ ምርታቸውን ያጣሉ። አንድ የመኸር ወቅት ካመለጠ የሚመለሰው በዓመቱ ነው።

ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ የሚከተሉትን ማድረግ እንዲችሉ ታስቧል፦

- ነጻና እምነት የሚጣልበት የግብርና ትምህርት ከየት እንደሚገኝ ማወቅ፤
- ጥያቄን አጥርቶ መጠየቅ፤
- የተገኘውን ምክር በአምስት ጥያቄዎች መፈተን፤
- የውጭ አገር ልኬቶችን ወደ ራስዎ ማሳ መመለስ፤
- አዲስ ዘዴን በትንሽ መሬት ሞክሮ ውጤቱን መለካት።

2. ነጻ ትምህርት ከየት ይገኛል?

2.1. በ8028 የስልክ መስመር

ይህ መስመር ኢንተርኔት አይፈልግም። ዘመናዊ ስልክም አይፈልግም። ቁልፍ ባለው ተራ ስልክ ወደ 8028 ይደውሉ፤ ጥሪው ነጻ ነው። መጀመሪያ ቋንቋ ይመርጣሉ፣ ከዚያ በድምፅ የሚሰጠውን መመሪያ እየተከተሉ ቁጥር በመጫን የሚፈልጉትን ሰብል እና ሥራ ይመርጣሉ። ስለ መሬት ዝግጅት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አረም፣ ስለ ተባይና በሽታ እንዲሁም ስለ ምርት አሰባሰብ የተቀዳ ምክር ያሰማል። የሚናገረው ለኢትዮጵያ አርሶ አደር የተዘጋጀ በመሆኑ ከብዙ የውጭ ቪዲዮዎች ይልቅ ለማሳዎ የቀረበ ነው። ማንበብ የማይችል የቤተሰብ አባልም በጆሮው መማር ይችላል። ድምፁን ከፍ አድርገው ቡና ላይ የተሰበሰበው ሁሉ አብሮ እንዲሰማ ያድርጉ።

2.2. አርሶ አደር ለአርሶ አደር የሚያስተምርባቸው ቪዲዮዎች

አክሰስ አግሪካልቸር የተባለ ድርጅት ከተለያዩ አገሮች የተቀረጹ የግብርና ቪዲዮዎችን በብዙ ቋንቋዎች ያቀርባል። አማርኛም ከእነዚህ አንዱ ነው። በቪዲዮዎቹ የሚናገሩት በአብዛኛው እንደ እርስዎ ያሉ አርሶ አደሮች ናቸው። ቪዲዮውን በስልክ ላይ ማውረድ ይቻላል፤ ለአነስተኛ ስልክ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ እና ድምፁ ብቻ ለየብቻ ይገኛሉ። በአገራችንም ዲጂታል ግሪን ከግብርና መዋቅሩ ጋር በመሆን በአካባቢው አርሶ አደሮች የተቀረጹ ቪዲዮዎችን በትንሽ ፕሮጀክተር ለቡድን ሲያሳይ ቆይቷል። የቀበሌዎ ባለሙያ እነዚህ ቪዲዮዎች ካሉት ጠይቀው ይቅዱ።

2.3. የምርምር ተቋማትና የመንግሥት ምንጮች

የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት እና የክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩቶች ስለተለቀቁ ዝርያዎችና ስለ አመራረታቸው ጽሑፍ ያወጣሉ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዕለት፣ የአሥር ቀን እና የወቅት የአየር ትንበያ ይሰጣል። ዘር ከመዝራት፣ ማዳበሪያ ከመጨመር፣ ኬሚካል ከመርጨት ወይም ሰብል ከማጨድ በፊት ትንበያውን መስማት ልማድ ይሁን። ኬሚካል ረጭተው በሰዓቱ ዝናብ ቢያጥበው ገንዘብዎም ልፋትዎም በውሃ ሄደ ማለት ነው።

2.4. ዩቲዩብ፣ ቴሌግራም እና ሌሎችም

በእነዚህ ላይ በጣም ጥሩ ትምህርት አለ፤ በጣም መጥፎም አለ። ማንም ሰው ያሻውን መጫን ስለሚችል የሚያጣራ አካል የለም። ብዙ ሰው ስለተመለከተው ብቻ ቪዲዮው ትክክል ነው ማለት አይደለም። በዚህ ዘመን ደግሞ ጥያቄ ሲጠየቅ መልስ የሚጽፍ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ በስልክ ይገኛል። ሐሳብ ለማግኘት ይጠቅማል፤ ነገር ግን የተሳሳተውንም መልስ ልክ እንደ እውነተኛው በእርግጠኝነት ይናገራል። በተለይ የኬሚካል እና የመድኃኒት መጠን ከእሱ ብቻ ወስደው አይሥሩ።

3. ጥያቄዎን አጥርተው ይጠይቁ

ጥሩ መልስ የሚገኘው ከጥሩ ጥያቄ ነው። «በቆሎዬ ታሟል» ብሎ መፈለግ ለሐኪም «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም እንደማለት ነው። ስልክ ከመክፈትዎ በፊት ወደ ማሳ ይግቡና በደንብ ይመልከቱ።

ምሳሌ እንውሰድ። በቆሎው ጉልበት ደርሷል፤ ቅጠሉ ተበሳስቷል። ይህን ጉዳት የሚያደርሱ ከአንድ በላይ ተባዮች አሉ። የአገዳ ቆርቁር ሊሆን ይችላል። በ2009 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የታየው የአሜሪካ መጤ ተምችም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉትን ያስተውሉ፦

- በእምብርቱ ውስጥ እርጥብ የእንጨት ብናኝ የሚመስል የትል ዓይነ ምድር አለ ወይ?
- ትሉ በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ ምልክት አለው ወይ?
- በጅራቱ አጠገብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ ወይ?
- ትሉ ያለው በእምብርቱ ነው ወይስ አገዳውን ቦርቡሮ ገብቷል?
- ከማሳው አምስት የተለያዩ ቦታዎች በእያንዳንዱ አሥር ተክል ቢቆጥሩ የተጎዳው ስንት ነው?

የባላው ምልክትና አራቱ ነጠብጣቦች አንድ ላይ ከታዩ ትሉ የአሜሪካ መጤ ተምች ነው። አሁን ጥያቄዎ «በጉልበት ደረጃ ባለ በቆሎ ላይ የአሜሪካ መጤ ተምችን መከላከል» ይሆናል። የሚያገኙት መልስም በዚያው ልክ የጠራ ይሆናል። እንቁላሉን ከቅጠሉ ላይ ፈልጎ መጨፍለቅ፣ ትሉን በእጅ ለቅሞ መግደል፣ ኬሚካል የግድ ከሆነም ትሉ ትንሽ ሳለ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ወደ እምብርቱ አነጣጥሮ መርጨት እንደሚያስፈልግ ይማራሉ። ትሉ አድጎ ወደ እምብርቱ ጠልቆ ከገባ በኋላ የሚረጨው ኬሚካል ብዙም አይደርስበትም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

መጻፍ ለሚያስቸግርዎ ሰው፣ በብዙ ዘመናዊ ስልኮች የማይክሮፎን ምልክቱን ተጭኖ በአማርኛ በመናገር መፈለግ ይቻላል። የአማርኛው ውጤት ጥቂት ከሆነ ልጅዎ የሰብሉንና የተባዩን ስም በእንግሊዝኛ ጽፎ ይፈልግልዎት። ፎቶ የሚያነሱ ከሆነ ሦስት ፎቶ ያንሱ፤ አንዱ ማሳውን በሙሉ፣ ሁለተኛው አንዱን ተክል፣ ሦስተኛው ቅጠሉን ወይም ትሉን ከቅርብ የሚያሳይ ይሁን። ይህንን ለቀበሌ ባለሙያው ቢልኩለት ማሳዎ ድረስ ሳይመጣ እንኳ ብዙ ሊረዳዎት ይችላል።

4. ምክሩን በአምስት ጥያቄዎች ይፈትኑ

አንድ ቪዲዮ አይተው ከመነሳትዎ በፊት የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች ይጠይቁ። ከአምስቱ አንዱ እንኳ መልስ ካጣ ዘዴውን በሙሉ ማሳ ላይ አያውሉ።

አንደኛ፦ የሚናገረው ማን ነው?

የምርምር ተቋም ነው? ልምድ ያለው አርሶ አደር ነው? ወይስ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ? ነጋዴ ሁሉ ይዋሻል ማለት አይደለም። ነገር ግን የሚሸጠውን ዕቃ ጉድለት ራሱ አይነግርዎትም። «ይህ አንድ መድኃኒት ሁሉንም በሽታ ያጠፋል»፣ «ምርትዎን በአንድ ወቅት አምስት እጥፍ ያደርጋል» የሚል ካጋጠመዎት ወዲያው ይጠርጥሩ። ሁሉንም የሚያድን መድኃኒት የለም። ነጻ ትምህርት ብሎ ጀምሮ «ዘሩን እንድንልክልዎ አስቀድመው ገንዘብ ያስገቡ» ወይም «የሚስጥር ቁጥርዎን ይላኩ» የሚል ካለ አጭበርባሪ ነውና ይተዉት።

ሁለተኛ፦ የተነገረው ለየትኛው አካባቢ ነው?

የቪዲዮው ማሳ ከፍታ፣ አፈር እና ዝናብ ከእርስዎ ጋር ይመሳሰላል? የቆላ ምክር ለደጋ፣ የመስኖ ምክር ለዝናብ ጥገኛ ማሳ፣ የቀይ አፈር ምክር ውሃ ለሚቋጥር ጥቁር አፈር አይሆንም። የወቅቱንም ነገር ያስተውሉ። በደቡባዊ አፍሪካ አገሮች በቆሎ የሚዘራው በአብዛኛው በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ነው፤ ዝናባቸው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነውና። እኛ በዚያ ወር እያጨድን ነው። የዘዴው ይዘት ሊጠቅም ይችላል፤ የወሩ ስም ግን አይጠቅምም።

ሦስተኛ፦ መቼ ነው የተነገረው?

ግብርና ላይ ያረጀ ምክር ጉዳት ያመጣል። ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ ለብዙ ዓመታት በምርታማነቱ የተወደደ ነበር። ሆኖም በ2002/2003 የምርት ዘመን በተነሳው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ክፉኛ ተጠቃ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ወደ ዲገሉ ዝርያ ዞሩ፤ እሱም በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመታ። ዋግ አምጪው ተሕዋስ ስለሚለዋወጥ ትናንት የተቋቋመው ዝርያ ዛሬ ሊሸነፍ ይችላል። ስለዚህ አንድን ዝርያ የሚያሞግስ ቪዲዮ ሲያዩ የተሠራበትን ዓመት ይመልከቱ። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ከሆነ ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚበልጥ አይርሱ። «2017» የሚል ቪዲዮ በእነሱ አቆጣጠር ከሆነ በእኛ 2009 ወይም 2010 ዓ.ም. ነው።

አራተኛ፦ መጠኑን በግልጽ ይናገራል?

«ትንሽ ጨምር»፣ «በቂ ውሃ አድርግ» የሚል ምክር ግማሽ ምክር ነው። ለምሳሌ ገለባን በዩሪያ ማከም የታወቀ የመኖ ማሻሻያ ዘዴ ነው። ለ100 ኪሎ ግራም ደረቅ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ በውሃ አሟሙቶ እየረጩ፣ አየር እንዳይገባው አፍኖ ለሦስት ሳምንት ያህል ማቆየት ነው። መጠኑ ካለፈ ወይም ዩሪያው በደንብ ሳይሟሟ በአንድ ቦታ ከተከማቸ ግን ከብቱን መርዞ ሊገድል ይችላል። ለትንሽ ጥጃም አይሰጥም። ቪዲዮው ይህንን መጠንና ማስጠንቀቂያ ካልተናገረ ሌላ ምንጭ ሳይፈልጉ አይጀምሩ። በበሬ ላይ የሚደረግ ሙከራ እንደ በቆሎ ተነቅሎ የሚጣል አይደለም።

አምስተኛ፦ ሌላ ምንጭ ይስማማበታል?

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደሚባለው፣ አንድን ምክር ቢያንስ ከሁለት የማይተዋወቁ ምንጮች ያረጋግጡ። ለምሳሌ ቪዲዮ ላይ ያዩትን በ8028 ያዳምጡ፤ ወይም የግብርና ባለሙያውን ይጠይቁ። አምስት ቪዲዮዎች አንድ ዓይነት ነገር ቢናገሩም እርስ በርስ የተገለባበጡ ከሆኑ እንደ አንድ ምንጭ ይቆጠራሉ። ምንጮቹ ከተለያዩ ደግሞ ለምን እንደተለያዩ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ የአፈር፣ የዝናብ ወይም የልኬት ልዩነት ሆኖ ይገኛል።

5. ልኬቱን ወደ ራስዎ ማሳ ይመልሱ

በስልክ የሚገኝ ትምህርት ላይ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው በልኬት ነው። የሚከተሉትን በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ይጻፉ፦

- 1 ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው።
- 1 ኤከር 4,047 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሄክታር ሁለት ኤከር ተኩል ያህል ይሆናል።
- 1 ጥማድ በብዙ አካባቢ የሄክታር ሩብ ወይም 2,500 ካሬ ሜትር ያህል ተደርጎ ይታሰባል። የእርስዎን ጥማድ ግን በሜትር ለክተው ያረጋግጡ።
- 1 ፓውንድ 0.45 ኪሎ ግራም ያህል ነው።
- 1 የአሜሪካ ጋሎን 3.8 ሊትር ያህል ነው።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። የአንድ ፈሳሽ ኬሚካል መጠን «በሄክታር 500 ሚሊ ሊትር፣ በ200 ሊትር ውሃ» ተብሎ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል እንበል። እርስዎ የሚረጩት አንድ ጥማድ ነው። ጥማዱ የሄክታር ሩብ ከሆነ 125 ሚሊ ሊትር ኬሚካል በ50 ሊትር ውሃ ይበቃል። የጀርባ መርጫዎ 15 ሊትር የሚይዝ ከሆነ በአንድ ሙሌት የሚገባው ኬሚካል 500 በ200 ተካፍሎ በ15 ሲባዛ 37.5 ሚሊ ሊትር ነው።

በሄክታር የተባለውን 500 ሚሊ ሊትር በአንድ ጥማድ ላይ ያፈሰሰ ሰው አራት እጥፍ ረጭቷል። ገንዘቡን አባክኗል፣ ሰብሉን ሊያቃጥል ይችላል፣ የሚበላውም ሰው ላይ አደጋ አምጥቷል። በተቃራኒው «በኤከር» የተባለውን መጠን በሄክታር የተባለ መስሎት የረጨ ሰው ከሚያስፈልገው ግማሽ እንኳ አላደረሰም። ተባዩ አይሞትም፤ ከዚያም አልፎ ኬሚካሉን እየተላመደ ይሄዳል። ይህ ስሌት ምሳሌ ብቻ ነው። የሚሠሩበት መጠን ሁልጊዜ በገዙት ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ነው።

6. ከስልኩ ወደ ማሳው፦ በትንሹ ይሞክሩ

ፈተናውን ያለፈ ምክር እንኳ በመጀመሪያ በትንሽ መሬት መሞከር አለበት። የሙከራው አሠራር የሚከተለው ነው።

ሀ) ጎን ለጎን ያድርጉት። ከአንድ ማሳ ላይ አፈሩ ተመሳሳይ የሆነ ቦታ መርጠው ሁለት ቁራሽ መሬት ይለኩ። እያንዳንዱ 10 ሜትር በ10 ሜትር ወይም 100 ካሬ ሜትር ይሁን። በአንዱ ላይ የተለመደውን፣ በሌላው ላይ አዲሱን ዘዴ ይጠቀሙ።

ለ) አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ዘሩንም፣ ማዳበሪያውንም፣ የመዝሪያ ቀኑንም አንድ ላይ ከለወጡ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አያውቁም። የሚሞክሩት የመስመር ርቀት ከሆነ ዘሩ፣ ቀኑ፣ ማዳበሪያው እና አረሙ አንድ ይሁን።

ሐ) ይመዝግቡ። የተዘራበትን ቀን፣ የገባውን ግብዓት፣ የወጣውን ወጪ እና የጉልበት ቀን ይጻፉ። አዲሱ ዘዴ ምርት ጨምሮ ጉልበትን በእጥፍ ከበላ ለሁሉም ቤተሰብ ላይመች ይችላል።

መ) ይመዝኑ። ሁለቱን ለየብቻ አጭደው፣ ለየብቻ ወቅተው በሚዛን ይለኩ። ከ100 ካሬ ሜትር የተገኘው ኪሎ ግራም ቁጥሩ ሳይለወጥ በሄክታር የሚገኘው ኩንታል ነው። ከ100 ካሬ ሜትር 42 ኪሎ ግራም ካገኙ በሄክታር 42 ኩንታል ማለት ነው። በዓይን ግምት «ጨምሯል» ማለት እና በሚዛን ማረጋገጥ በጣም ይለያያሉ።

ሠ) በሌላ ቦታም ይድገሙት። አንዱ ቁራሽ ቀድሞ የከብት በረት የነበረበት ከሆነ ምርቱን የጨመረው ዘዴው ሳይሆን ፍግ ሊሆን ይችላል። ከልማት ቡድኑ ሁለት ሦስት አባላት በየማሳቸው ቢሞክሩት ውጤቱ ይታመናል።

አንዳንድ ትምህርት ግን ወቅት ሳይጠብቅ በቤት ይሞከራል። የጨው ሙከራን እንውሰድ። በቆሎ ጎተራ ወይም አየር የማያስገባ ከረጢት ውስጥ ከመግባቱ በፊት መድረቅ አለበት፤ ካልደረቀ ይሻግታል፣ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝም ሊያመጣ ይችላል። መድረቁን ለማወቅ ንጹህና ደረቅ ክዳን ያለው ጠርሙስ ይውሰዱ። ሲሶውን በበቆሎ ይሙሉ። ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨምሩ። ክዳኑን ገጥመው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይወዝውዙትና 15 ደቂቃ ያስቀምጡት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመልሱት። ካልተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል ማለት ነው። ረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ለጥንቃቄ ተጨማሪ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ይስጡት።

እዚህም ላይ ጥንቃቄ አለ። ጨዉ ራሱ እርጥብ ከሆነ እህሉ ደርቆም ሳለ ይጣበቃል። ስለዚህ ጨዉን አስቀድመው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ዘዴውን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን የተረዳ ሰው እንዲህ ያለውን ስህተት ራሱ ያገኘዋል። ከቪዲዮ ሲማሩ «እንዴት?» ብለው ብቻ አይቁሙ፤ «ለምን?» ብለው ይጠይቁ።

7. በስልክ ብቻ የማይወሰኑ ጉዳዮች

የሚከተሉትን በስልክ ስላዩት ብቻ አይፈጽሙ፦

- ፀረ ተባይና ፀረ አረም ኬሚካል መግዛትና መርጨት። ኬሚካሉ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን፣ ለዚያ ሰብልና ለዚያ ተባይ የተፈቀደ መሆኑን ባለሙያ ይጠይቁ። ከመጨረሻው ርጭት እስከ አጨዳ መቆየት ያለበትን ቀን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ ወይም ያስነብቡ።
- ለከብት መርፌ መውጋት ወይም መድኃኒት ማጠጣት። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያማክሩ።
- ከማይታወቅ ቦታ ዘር፣ ችግኝ ወይም ቁርጥራጭ ማምጣት። ከዘሩ ጋር በሽታ፣ ተባይ እና አደገኛ አረም ሊገባ ይችላል።
- አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም። የኖራው መጠን የሚወሰነው በአፈር ምርመራ ነው፤ የጎረቤት ማሳ መጠን ለእርስዎ ላይሆን ይችላል።

8. ወጪዎን ይቀንሱ

ትምህርቱ ነጻ ቢሆንም የኢንተርኔት ዳታ ገንዘብ ያስወጣል። በተራ የሒሳብ አከፋፈል ከመጠቀም ይልቅ ጥቅል መግዛት ይረክሳል። ቪዲዮ በተመለከቱ ቁጥር ዳታ ስለሚያስከፍል ጠቃሚውን አንድ ጊዜ አውርደው ያስቀምጡ። ከተቻለ በወረዳ ከተማ ወይም ዋይፋይ ባለበት ቦታ ሲደርሱ ያውርዱ። የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ ቢያደርጉ ዳታው ብዙ ይቆጥባል፤ የዘር ርቀት ለማየት ከፍተኛ ጥራት አያስፈልግም። አንድ ሰው ያወረደውን በብሉቱዝ ወይም በሚሞሪ ካርድ ለቡድኑ ሁሉ ያለ ዳታ ማዳረስ ይቻላል። አሥር ሰው አሥር ጊዜ ከሚከፍል አንዱ ከፍሎ አሥሩ ቢማር ይሻላል።

9. ለተከታዮችዎ ሲያካፍሉ

በቡድን ስብሰባ ላይ ቪዲዮ ሲያሳዩ በመሐል እያቆሙ ይወያዩበት። ሴት አርሶ አደሮች እና ወጣቶች እንዲገኙ ያድርጉ። የጓሮ አትክልት፣ የዶሮ እና የጎተራ ሥራ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ስለሆነ እነሱ ያላዩት ትምህርት በቤት አይተገበርም። የስብሰባ ሰዓት የማይመቻቸው ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን ከእነሱ ጋር ይወስኑ።

የሰሙትን ብቻ ከሆነ የሚያካፍሉት «ሰምቻለሁ፣ ገና አልሞከርኩትም» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ከሞከሩት ውጤቱን ከነቁጥሩ ይንገሩ። ያልተሳካውንም ይንገሩ። ያልተሳካ ሙከራን መደበቅ ጎረቤትን ወደዚያው ጉድጓድ መላክ ነው። ሞዴል አርሶ አደር የሚያሰኘው ሁልጊዜ መሳካቱ አይደለም፤ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መናገሩ ነው።

10. ማጠቃለያ

ስልክ እንደ ሞፈርና ቀንበር መሣሪያ ነው። ሥራው የሚቃናው በያዘው ሰው ነው። መጀመሪያ ማሳዎን ይመልከቱ፤ ከዚያ አጥርተው ይጠይቁ፤ ምክሩን በአምስቱ ጥያቄዎች ይፈትኑ፤ ልኬቱን ይመልሱ፤ በትንሽ መሬት ይሞክሩ፤ ይመዝኑ፤ ከዚያ ያስፋፉ። የግብርና ልማት ሠራተኛውንም አይራቁ። ስልኩ የእሱ ምትክ ሳይሆን አጋዥ ነው። እርስዎ ጥያቄዎን ለይተው ሲመጡ የእሱም ምክር የጠለቀ ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው የምርት ዘመን በማሳዎ ካጋጠሙ ችግሮች በስልክ ፈልገው ሊማሩበት የሚችሉት የትኛው ነው? ጥያቄውን አጥርተው ይጻፉ።
2. አንድ የቡድን አባል ካየው ወይም ከሰማው የግብርና ምክር አንዱን ይምረጡ፤ በአምስቱ ጥያቄዎች ፈትናችሁ የጎደለውን ለዩ።
3. የጥማዳችሁን ስፋት በሜትር ለክታችሁ የሄክታር ስንተኛ እጅ እንደሆነ አስሉ።
4. ለሚቀጥለው ወቅት አንድ አዲስ ዘዴ በ100 ካሬ ሜትር ላይ የሚሞክሩ ሦስት አባላትን ምረጡ። ምን እንደሚለውጡ፣ ምን እንደማይለውጡ እና ውጤቱን ማን እንደሚመዘግብ ወስናችሁ ለቀበሌው ባለሙያ አሳውቁ።